«ሐኪሜ አስፕሪን አዘዘችልኝ፣ እናቴ አትውሰጂ አለችኝ»

ጥያቄ፦

ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ባለፈው ዓመት በ9ኛው ሳምንት ወርዶብኛል። አሁን ሁለተኛዬን ይዤ 13 ሳምንት ከ5 ቀን ሆኖኛል። የዛሬ 8 ቀን አልትራሳውንድ ተነሥቼ በዚያው ዕለት ደም ሰጠሁ። የፅንሱ ርዝመት 62 ሚሊ ሜትር፣ ከአንገቱ ጀርባ ያለው ፈሳሽ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው ተባለ። ከ3 ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ። የዳውን ሲንድረም ዕድሉ ከ2,400 አንድ ስለሆነ ዝቅተኛ ነው ይላል። ባለቤቴ ይህን እንደሰማ «እፎይ፣ አለቀ!» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

እኔ ግን ከሥር ያለችውን መስመር አይቻለሁ። «ፓፕ-ኤ 0.31» ትላለች። ሐኪሜ በእስክሪብቶ አክብባት፣ «ይቺ ዝቅ ብላለች። እንግዴ ልጁ እንደልብ ላይሠራ ስለሚችል የደም ግፊትሽንና የልጁን ክብደት በቅርብ እንከታተላለን» አለችኝና ባለ 75 ሚሊ ግራም አስፕሪን በየማታው ሁለት ሁለት ፍሬ አዘዘችልኝ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ስለነበር አፌ ተሳስሮ ምንም ሳልጠይቅ ወጣሁ።

እናቴ ስትሰማ ደነገጠች። «እርጉዝ ሴት አስፕሪን? ደም ያቀጥናል፣ ያስወርዳል። እኔም አንቺን አርግዤ አብጬ፣ ግፊት ነው ብለውኝ፣ ያለ ቀኔ ወልጄሽ ምን ሆንኩ? አንቺስ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። መድኃኒቱ 5 ቀን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አልጣልኩትም፣ አልዋጥኩትም። ለባለቤቴ ፈራሁ ስለው «ዝቅተኛ ነው ብለውሻል እኮ» ይለኛል። የማታ ፈረቃ እሠራለሁ፤ ማርገዜን ሳላውቅ ከባድ ካርቶንም አንስቻለሁ። የእኔ ጥፋት ይሆን? ደሙን ድጋሚ ልስጥ? የሽርት ውሃ ምርመራ ልጠይቅ? አስፕሪኑንስ ልጀምር?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦

እህቴ፣ ከመድኃኒቱ በፊት የካርቶኑንና የማታ ፈረቃውን ነገር እንጨርስ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ይመስለናል። ፓፕ-ኤ እንግዴ ልጁ ሠርቶ ወደ ደምሽ የሚለቀው ፕሮቲን ነው። ሥራው እድገትን የሚያግዙ ንጥረ ነገሮችን አስሮ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲንን እየቆረጠ እነሱን ነፃ ማውጣት ነው። እንግዴ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማህፀን ውስጥ ሥር ሲሰድ ጠለቅ ብሎ ካልገባ፣ የሚለቀው መጠን ሊያንስ ይችላል። ይህ ሥር የመስደድ ጉዳይ የሚጀምረው አብዛኛዋ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው። ቁጥሩን ዝቅ በማድረግ የሚታወቁት ማጨስ፣ ከፍ ያለ የሰውነት ክብደት፣ ከእርግዝና በፊት የነበረ የስኳር በሽታና ከማህፀን ውጭ በላብራቶሪ የተጀመረ እርግዝና ናቸው። ካርቶን ማንሳት ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ ሌሊት መሥራትም አይደለም። ባለፈው ዓመት ያጣሽውም ቢሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከሚወርዱ ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚወርዱት ገና ሲጠነሰሱ በክሮሞዞም ቁጥር ስህተት ነው። ስላለፈው ማንም የጠየቀሽ አልመሰለንም። ለመሆኑ ያን ጊዜ ያለቀስሽው ከማን ጋር ነበር?

አሁን ወደ 0.31። ይህ ቁጥር የልጅሽ ጤንነት 31 በመቶ ነው ማለት አይደለም። ላብራቶሪው የአንቺን መጠን በዚያው የእርግዝና ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች የመሀል መጠን ጋር ያነጻጽራል፤ መሀል ላይ ያለችው ሴት 1.0 ትባላለች። ያንቺ የመሀሉ ሲሶ ያህል ነው። ብዙ ሐኪሞች ጠበቅ ያለ ክትትል የሚጀምሩት ከ0.4 በታች ሲሆን ነው፤ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 5 ያህሉ በዚያ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይገኛሉ። ከእነዚያ ውስጥ አብዛኞቹ ቀናቸውን ጠብቀው፣ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ቀሪዎቹ ላይ ግን የእርግዝና ደም ግፊት፣ የፅንስ እድገት መቀነስና ያለ ቀን መውለድ ከሌላው ሰው በዛ ብሎ ይታያል፤ አልፎ አልፎም ልጅ ማህፀን ውስጥ ይጠፋል። ይህን የመጨረሻውን የጻፍነው እንድትሸበሪ ብለን አይደለም፤ ክትትሉ ለምን ቸል እንደማይባል እንድታውቂው ነው።

ባለቤትሽ ወረቀቱን አላጣመመውም። ያነበበው ግን ግማሹን ነው። ያ ወረቀት የሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ይዟል። አንደኛው ስለ ልጁ ክሮሞዞም ነው፤ መልሱም ከ2,400 አንድ፣ በእርግጥም የሚያስደስት። ሁለተኛው ስለ እንግዴ ልጁ ነው፤ ሐኪምሽ ያከበበችው እሱን ነው። ልብ በይ፣ ከ2,400 አንድ የሚለው ስሌት ውስጥ ዝቅ ያለው ፓፕ-ኤሽ ቀድሞ ገብቷል፤ ከዕድሜሽ፣ ከአንገቱ ፈሳሽና ከሌላው የደም መለኪያ ጋር ተደምሮ የወጣ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ፓፕ-ኤዬ ዝቅ ስላለ ክሮሞዞሙም ያሰጋል» ብለሽ ሁለተኛ ጊዜ አትቁጠሪው። የሽርት ውሃ ምርመራ ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ በመርፌ የሚደረግ ሲሆን ትንሽም ቢሆን ፅንስ የማስወረድ ስጋት አለው፤ የሚመልሰውም የክሮሞዞም ጥያቄን እንጂ የእንግዴ ልጅን አይደለም። ባለሽ ውጤት ላይ ተነሥተን እሱን ጠይቂ አንልሽም። ከእናት ደም የፅንሱን ዲኤንኤ የሚያየው ምርመራም እንዲሁ ስለ ዳውን ሲንድረም በተሻለ እርግጠኝነት ይነግርሻል፤ ስለ 0.31 ግን አንዲት ቃል አይነግርሽም።

ደሙን መድገምም አይጠቅምም። ፓፕ-ኤ በእርግዝና ውስጥ በየሳምንቱ የሚጨምር ስለሆነ የሚመዘነው ከ11ኛው ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ያ መስኮት ላንቺ ነገ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ከፍ ብሎ ቢገኝ የመጀመሪያውን አይሽረውም። ይልቅ የሚጣራ ነገር አለ። ላብራቶሪው የተጠቀመው የእርግዝና ዕድሜ ከአልትራሳውንዱ ልኬት የተወሰደ ነው ወይስ ከመጨረሻው የወር አበባሽ? 62 ሚሊ ሜትር ማለት 12 ሳምንት ከ4 ቀን ገደማ ነው። በቅጹ ላይ 13 ሳምንት ተኩል ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ፣ የ12 ሳምንት መጠን ከ13 ተኩል ጋር ስለሚነጻጸር ያለ ጥፋቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ክብደትሽም በትክክል መሞላቱን እዪ፤ ባዶ ከተተወ ስሌቱ አይስተካከልም። ስህተት ካለ አዲስ ደም አያስፈልግም፤ ላብራቶሪው በነበረው ናሙና ስሌቱን ያርመዋል። አንድ ስልክ ነው የሚፈጀው።

አስፕሪኑ ላይ ደግሞ ትንሽ እንቆይ። እናትሽ የፈራችው ከሜዳ ተነሥታ አይደለም። ለራስ ምታት የሚዋጠው መደበኛ አስፕሪን፣ 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲደጋገም፣ በእርግዝና ጊዜ በእርግጥም አይመከርም። ላንቺ የታዘዘው 150 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ነው፤ በዚህ መጠን የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። የደም ሕዋሳት እርስ በርስ እንዳይጣበቁና ደም ወደ እንግዴ ልጁ የሚወስዱት ሥሮች እንዳይጨማደዱ ያግዛል። አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን በብዙ ሺህ ነፍሰ ጡሮች ላይ ተሞክሯል፤ ልጅ አበላሽቶ ወይም ፅንስ አስወርዶ አልተገኘም። ድድሽ ቶሎ ሊደማ፣ አፍንጫሽ ሊነስር ይችላል፤ በአንዳንድ ጥናቶች ከወሊድ በኋላ ያለው ደም በጥቂቱ በዝቶ ታይቷል።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው አስፕሪ የተባለ ጥናት በምርመራ ለእርግዝና ደም ግፊት ተጋላጭ ናቸው የተባሉ ከ1,600 በላይ ሴቶችን ተከትሏል። ከተጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ ፓፕ-ኤ ነበር። ልክ እንዳንቺው በየማታው 150 ሚሊ ግራም ከወሰዱት ውስጥ ከ37ኛው ሳምንት በፊት ለመውለድ ያደረሰ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት በሽታ) የያዛቸው 1.6 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ፍሬ ከወሰዱት ደግሞ 4.3 በመቶ ነበሩ። ሁለቱንም ቁጥሮች አስተውያቸው፤ ባዶ ፍሬ ከወሰዱት እንኳ ከ100 ሴቶች 95ቱን ያ ክፉው ዓይነት አልያዛቸውም። ቀኑ ከደረሰ በኋላ የሚመጣውን ግፊት በመከላከል ግን መድኃኒቱ ያን ያህል አይደለም፤ የሚጠብቅሽ በተለይ ከአደገኛው፣ ቀድሞ ከሚመጣው ነው። ጥቅሙም ጎልቶ የታየው ከታዘዘላቸው ፍሬ ከ10 ዘጠኙን ያህል በወሰዱት ላይ ነው።

ጊዜውም ይወስናል። እንግዴ ልጁ የማህፀንን የደም ሥሮች እያሰፋ ሥር የሚሰድበት ሥራ እስከ 20ኛው ሳምንት ገደማ ያልቃል። ስለዚህ አስፕሪን ከ16ኛው ሳምንት በፊት ሲጀመር ነው የሚመረጠው። ላንቺ ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ቀርቶሻል። ቢያልፍሽም ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም፤ ግን ቦርሳ ውስጥ ለማሳደር የሚሆን ጊዜ አይደለም።

እናትሽ የተናገረችው አንድ ነገር ግን ከ0.31 ይልቅ ቀልባችንን ሳበው። «አብጬ፣ ግፊት ነው ብለውኝ፣ ያለ ቀኔ ወልጄሽ» ብላሻለች። ይህ የፕሪኤክላምፕሲያ መልክ አለው። እናቷ ወይም እህቷ ይህ የደረሰባት ሴት ራሷም ተጋላጭነቷ ይጨምራል። አንቺ ደግሞ ከዚህ በፊት አልወለድሽም፤ በ9 ሳምንት የወረደው እንደ መውለድ አይቆጠርም፣ የመጀመሪያ ወሊድ ራሱ አንድ ተጋላጭነት ነው። በብዙ የሕክምና መመሪያዎች እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ፣ ፓፕ-ኤሽ 1.0 ቢሆን ኖሮ እንኳ አስፕሪን ይታሰብልሽ ነበር። ፓፕ-ኤን በተመለከተ መመሪያዎች ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ብቻውን ሲያንስ ያዝዛል፣ አንዳንዱ ሌላ ምክንያት ይጨመርበት ይላል። ሐኪምሽ የእናትሽን ታሪክ ታውቃለች? በዚያ ጥድፊያ የጠየቀችሽ አልመሰለንም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ደውዪላትና ሦስት ነገር ንገሪያት፤ የእናትሽን ታሪክ፣ ፍሬውን እስካሁን አለመጀመርሽን፣ እንዲሁም ከሚከተሉት አንዱም ቢሆን ካለብሽ እሱን። አስፕሪን ወይም የሱ ቤተሰብ የሆኑ ማስታገሻዎች አካልሽን አሳብጠው ወይም አስምሽን ቀስቅሰው ያውቃሉ? የጨጓራ ቁስለት ደምቶብሽ ያውቃል? የደም አለመርጋት ችግር አለብሽ፣ ወይስ ደም ማቅጠኛ ትወስጃለሽ? አንዱም ከሌለና እሷ «ቀጥዪ» ካለችሽ፣ የኛ ሐሳብ ያለ ማወላወል እንድትጀምሪ ነው። ምግብ ከቀመስሽ በኋላ ውሰጂው። በጥናቱ የተሰጠው ከመኝታ በፊት ነበር፤ አንቺ ፈረቃ ስለምትሠሪ የትኛው ሰዓት ይሁን ብለሽ ጠይቂያትና ስልክሽ ላይ ደወል ሙዪ፤ ከሰዓቱ ይበልጥ የሚጎዳው ቀን መዝለል ነው። ከረሳሽ በማግስቱ እጥፍ አትውሰጂ። ራስሽን ሲያምሽ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይሁን፤ ፓራሲታሞል ይሁን። ብዙውን ጊዜ በ36ኛው ሳምንት ይቆማል፤ የማቆሚያውን ቀን ከአሁኑ አስጽፊ።

ክትትሉን ደግሞ ሳትጠይቂ ይመጣል ብለሽ አትተዪው። «በ20 እና በ24 ሳምንት መካከል ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም በዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን በሚያሳየው አልትራሳውንድ፣ ይታያል ወይ? ከ28ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ልጁ በየስንት ሳምንቱ ይለካል?» በያት። በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የተለመደ ነው። አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዋናው ልጁ በራሱ መስመር እያደገ መሄዱ ነው፤ መስመሩ ከታጠፈ ደግሞ በእትብቱ ውስጥ የሚያልፈው ደም ይታያል። በየቀጠሮው ግፊትሽ ይለካ፣ ሽንትሽም ለፕሮቲን ይመርመር። ያሁኑን ግፊትሽን ጻፊና አስቀምጪ። በእርግዝና መሀል ግፊት በተፈጥሮው ዝቅ ስለሚል፣ በኋላ ሲወጣ የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው።

የቤት ውስጥ መለኪያ ማግኘት ከቻልሽ ጥሩ ነው፤ ለነፍሰ ጡር የተፈተነ መሆኑን ግን አረጋግጪ፤ አንዳንዱ በዚህ በሽታ ጊዜ ግፊቱን አሳንሶ ያነባል። መጀመሪያ ሽንት ቤት ሂጂ። 5 ደቂቃ ተቀመጪ፤ ጀርባሽ ይደገፍ፣ እግርሽ አይነባበር፣ ክንድሽ በልብሽ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ሲለካ አታውሪ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ከጠበበ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያስደነግጥሻል። አንድ ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚና ሁለቱንም ጻፊ። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰና ሲደገምም ካልወረደ፣ በዚያው ቀን ደውዪ። 160 ወይም 110 ከደረሰ አትደውዪ፤ ተነሥተሽ ሆስፒታል ሂጂ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከቀኝ ጎድንሽ ሥር የሚያም ሕመም፣ ድንገት የፊትና የእጅ ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ቢመጡም ግፊቱ ምንም ይበል ምን እንዲሁ ነው። የልጁ እንቅስቃሴ ከለመድሽው ቀነስ ሲልም በዚያው ቀን ታዪ፤ እስከ ነገ ማደር አያስፈልግም።

አልጋ ላይ መዋል ፓፕ-ኤን አይጨምርም፤ ግፊትንም አይከላከልም፤ የእግር ደም እንዲረጋ ያግዛል እንጂ። ቫይታሚን ሲ እና ኢ ተሞክረው አልሠሩም። ጨው ጨርሶ መተውም አልጠቀመም። መራመድ ጥሩ ነው። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ስትተኚ በጎንሽ ሁኚ።

ለባለቤትሽ «ፈራሁ» ከማለት ይልቅ ወረቀቱን ዘርግተሽ ሁለቱን መስመሮች በጣትሽ አሳዪው፤ ምናልባት እሱም ካለፈው ዓመት በኋላ ደስ የሚለውን መስመር ይዞ መሮጥ የፈለገው ፈርቶ ነው። የግፊትሽን ልኬት መጻፍ ለሱ ስጪው። የሚሠራው ነገር ካለው «አለቀ» አይልሽም።

እናትሽን አትከራከሪያት። አጠገቧ ቁጭ በይና «እኔን ስትወልጂ እንዴት ነበር?» በያት። ስንተኛው ወር ላይ ነበረች? ግፊቱ ስንት ደርሶ ነበር? መርፌ ተወግታ ነበር? አንቺ ስትወለጂ ክብደትሽ ስንት ነበር? «ምን ሆንኩ?» የሚለው ቃሏ ውስጥ ማንም ያልጠየቃት ፍርሃት ሳይኖር አይቀርም። ከፈቀደች ወደሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሻት ሂጂ፤ ታሪኩን ለሐኪምሽ ራሷ ትንገራት። ያኔ ስለ አስፕሪኑ የሚነገረውን በገዛ ጆሮዋ ትሰማለች። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ ግን እሱን አትጠብቂ፤ እናትሽ የነገረችሽን ጽፈሽ በስልክ ለሐኪምሽ አንብቢላት፣ ፍሬውንም እሷ ባለችሽ ሰዓት ዋጪ።